የአባቴ የእግር ቁስል፦ ሌዘር ይሻላል ወይስ ኦፕራሲዮን?

የቢቸናዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ቢቸና ነው ያለሁት፣ አስተማሪ ነኝ። ጥያቄዬ ስለ አባቴ ነው።

አባቴ ልጅ ሆኖ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ቀኝ እግሩ ተቃጥሏል። ቅልጥሙ ላይ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ጠባሳ ጋር አርሶበታል፣ አጭዶበታል፣ ገበያ ወጥቶበታል፤ ምንም ብሎት አያውቅም። አሁን ስልሳውን አልፏል። ያለፈው ክረምት ጭቃ ሲታጠብ ጠባሳው መሃል ላይ ተላጠ። ይድናል ብለን ዝም አልን። አልዳነም። ቅጠሉም ተደረገ፣ ፀበሉም ተጠመቀ። ጤና ጣቢያ አንቲባዮቲክ ሰጡት፣ ትንሽ ደረቅ ብሎ መልሶ ፈነዳ። አሁን ጠርዙ ዙሪያውን ከፍ ብሎ ጠንክሯል። መሃሉ ሥጋ አብቅሏል። ሲነካ ይደማል። ሽታ አለው። ሽታውን ሰው እንዳይሰማበት ብሎ ሰንበቴ መሄዱን ትቷል። ይሄ ነው የበለጠ ያሳዘነኝ።

ጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ጠርዙን በጓንት ነካክታ "ይሄ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ማርቆስ ውሰጂው" ብላ ሪፈር ጻፈችልን። አባዬ አሻፈረኝ አለ። "ካንሰር ብረት ከነካው ይበተናል" ነው የሚለው። የሰፈራችን አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ሆኖ ብዙም ሳይቆይ አርፏል፣ እሱ ከአእምሮው አልወጣ አለው።

አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ደግሞ "ሌዘር የሚባል አለ፣ ቢላ የለው፣ ደም የለው፣ አቃጥለውት በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ" አለን። አባዬ ይሄን ሲሰማ ፊቱ በራ። በሬ ልሽጥ እያለኝ ነው። ክሊኒኩ ጋ ደወልኩ። ስለ ናሙና ምናምን አላነሱም። "አምጪው፣ እናጠፋዋለን" ነው ያሉኝ። ቀላልነቱ ነው ያስፈራኝ።

ሌዘር ለእንዲህ ዓይነቱ ይሆናል? ያደረገ ሰው አለ? በእመቤቴ የምታውቁትን ንገሩኝ።

ማርቆስ ፊዚክስ፦

አይዞሽ የሙያ እህቴ። እኔም ጠመኔ ያዥ ነኝ፣ ደብረ ማርቆስ። ሕክምናውን ለባለቤቱ ትቼ ስለ መሣሪያው ብቻ ላውራ።

ሌዘር አንድ ዕቃ አይደለም። የመጀመሪያውን ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 በሩቢ ድንጋይ ሠራው። አሁን ግን ፀጉር የሚያነሳው ሌላ፣ ንቅሳት የሚያጠፋው ሌላ፣ ዓይን የሚሠራው ሌላ ነው። ሥጋ ለማቃጠል በብዛት የሚጠቀሙበት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ይባላል። ኩማር ፓቴል የሚባል ሰው ቤል ላብስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው ነው። የሞገድ ርዝመቱ 10,600 ናኖሜትር ነው፣ በዓይን አይታይም። ይሄን ብርሃን ውሃ ቶሎ ይውጠዋል። ሥጋችን ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የነካው ሴል ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ይፈላና ሴሉ ይተናል። ሙቀቱ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ስለሚዘጋ ደሙ ያንሳል። "ደም የለውም" ያሏችሁ ከዚህ የመጣ ነው፣ ውሸት አይደለም።

ክሊኒኩን "የትኛው ሌዘር ነው ያላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። የፀጉር ማንሻ ይዞ ካንሰር አጠፋለሁ የሚል አይጠፋም።

ፓራፊን፦

እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ባሕር ዳር ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ የምሠራ ቴክኒሻን ነኝ። ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ መጨረሻው የእኔ ጠረጴዛ ነው። የማወራው ከዚያ ወንበር ሆኜ ነው።

የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ የወጣ፣ አልድን ያለ፣ ጠርዙ የጠነከረ ቁስል በሕክምናው የታወቀ ነገር ነው። የማርዦላን ቁስል ይሉታል። ማርዦላን እ.ኤ.አ. በ1828 ስለ እንዲህ ዓይነት ቁስሎች የጻፈ ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ነው። ከቃጠሎው እስከ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሰው ሁለቱን የማያገናኛቸው። የቆዳ ካንሰር ሲባል የፈረንጅ በሽታ፣ የፀሐይ በሽታ ይመስለናል። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ የሚባለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከድሮ ጠባሳና ዓመታት ከቆየ ቁስል ነው። እግር ደግሞ ዋናው ቦታው ነው።

የአባትሽ ቁስል ካንሰር ነው አላልኩም። አይደለምም አላልኩም። ሳይታይ አይታወቅም። "አምጪው፣ እናጠፋዋለን" ያለሽ ክሊኒክም አያውቅም። የሚያጠፋውን ሳያውቅ ነው ላጥፋ የሚለው።

ፊዚክሱ መምህር በደንብ አስረድቶሻል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው፦ የተነነ ሥጋ ጭስ ሆኗል፣ ጭስ ደግሞ ማይክሮስኮፕ ሥር አይገባም። ካንሰር ነበር? ምን ዓይነት? የት ድረስ ጠልቋል? ሁሉም ወጥቷል? ከዚያ በኋላ ለእነዚህ መልስ የሚሰጥሽ ሰው የለም።

በቢላ የወጣው እንዴት እንደሚመጣ ልንገርሽ፣ ነገሩ ይገባሻል። ቁራጩ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ፣ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ተዘፍቆ ይመጣል። ፎርማሊኑ ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት። ሐኪሙ አንዱ ጫፍ ላይ ክር ሰፍቶ "ክሩ ያለበት በጉልበት በኩል ነው" ብሎ ወረቀቱ ላይ ይጽፋል። ሐኪሟ፣ ማለት ፓቶሎጂስቷ፣ የተቆረጠበትን ዙሪያና ሥሩን ቀለም ትቀባዋለች። ከዚያ እንደ ድፎ ዳቦ ትሸነሽነዋለች። ቁርጥራጩ ማሽን ውስጥ ያድራል፤ ውሃው በአልኮል ይወጣና በቦታው የቀለጠ ፓራፊን ይገባበታል። ጠዋት ሰም ሆኖ ነው የማገኘው። እኔ ያንን ሰም በማሽን ምላጭ 4 ማይክሮን አድርጌ እልጋለሁ። ስስነቱ ለጉድ ነው፤ ማስነጠስ ቢመጣብኝ የቀኑ ሥራ አየር ላይ ነው። ሞቅ ያለ ውሃ ላይ አንሳፍፌ በመስታወት አነሳዋለሁ፣ ቀለም አጠጣዋለሁ። የሴሉ አስኳል ወይን ጠጅ ይሆናል፣ የቀረው ሮዝ። ከዚያ ወዲያ የሐኪሟ ሥራ ነው። ካንሰሩ ቀድሞ የተቀባው ጠርዝ ድረስ ከደረሰ፣ እግሩ ላይ የቀረ አለ ማለት ነው። ካልደረሰ ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ለክታ ትጽፋለች። ያቺ መስመር ናት ሰውየው ቤቱ ይግባ ወይስ ይደገም የምትለው።

ሌዘርን እያጣጣልኩ እንዳይመስልብኝ። ቦታ አለው። ገና ካንሰር ያልሆኑ፣ ፀሐይ ያመጣቸው ሻካራ ነጠብጣቦችን ያነሳል። ላይ ላይ ብቻ ያሉ፣ ናሙናቸው አስቀድሞ ታይቶ የተመሰከረላቸው ስስ ካንሰሮች ላይም ተመርጦ ይሠራበታል። ፊቱ ላይ ብዙ ለወጣበት ሰው፣ ቢላ ለማይመቸው ሰው እሰየው ነው። ግን የሚሠራው ከላይ ወደታች ሽፋን በሽፋን እየላጠ ነው። የካንሰር ሴል ደግሞ የፀጉር ሥር ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ሌዘሩ እዚያ ካልደረሰ ከላይ ለስላሳ ቆዳ ይሸፍነዋል፣ ከሥር ይሠራል። ያምራል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከወራት በኋላ እኔ ጋ ይመጣል። (ሌዘሩን አጥብበው እንደ ቢላ የሚቆርጡበትም አሉ። ያ ሌላ ነው፤ ጠርዙ ትንሽ ቢያርርም ሥጋው ሙሉውን ይመጣልናል።)

ለማርዦላን ግን አይሆንም። እሱ ከሌላው የቆዳ ካንሰር ይበልጥ ኃይለኛ ነው፣ ወደ ብሽሽት ዕጢም ቶሎ ይሄዳል። ከሆነ ሕክምናው ጤነኛ ከሚመስለው ቆዳ ጭምር፣ በተለምዶ 2 ሴንቲሜትር ያህል ዙሪያውን፣ በጥልቀት ቆርጦ ማውጣት ነው። ክፍተቱ ላይ ከጭን የተላገ ቆዳ ይለጠፋል።

"ብረት ከነካው ይበተናል" ስላሉት። አባትሽን አልፈርድባቸውም፣ ያዩትን ነው የሚናገሩት። ሰው ዓመት ሙሉ በቅጠል ቆይቶ፣ በሽታው ብሽሽት ገብቶ፣ ሳንባ ደርሶ ሐኪም ቤት ይመጣል። ይቆረጣል። ይሞታል። ለቀስተኛው ያየው ቢላውን ነው፣ ያንን ዓመት አላየም። ይሄን በእኔ ስም ንገሪያቸው፤ ላቦራቶሪ የሚሠራ ልጅ እንዲህ ይላል በያቸው።

ደምበጫ፦

ሰላም ጤና ይስጥልን። እኔ ስለ ራሴ ላውራ፣ ሌዘሩን ቀምሸዋለሁ።

አልቢኒዝም አለብኝ። ደምበጫ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ከብት ስጠብቅ ባርኔጣ የሚባል ነገር አላውቅም ነበር። ጎጃም ደጋ ነው፣ ብርዱ ያታልላል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር ይብሳል። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል ብሎኛል ሐኪሜ። ሃያዎቹ ውስጥ ስገባ ግንባሬና ጆሮዬ ላይ ሻካራ ነገር መውጣት ጀመረ። ስነካው አሸዋ አሸዋ ይላል።

ሐኪሙ በመጀመሪያ ከሁለቱ ላይ ናሙና ወሰደ። አንዱ ካንሰር ያልሆነ፣ አንዱ የጀመረው ሆኖ ተገኘ። የጀመረው በቢላ ወጣ። የቀሩትን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቃጠለልኝ፤ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ነው፣ ሲነካሽ ግን እሳት ነው። ግንባሬ ላይ ብዙ ስለነበር እሱን አዲስ አበባ በሌዘር ሠሩልኝ።

የሌዘሩ ነገር እንዲህ ነው። መርፌ ይወጉሽና ይደነዝዛል። ዓይንሽን በብረት ሽፋን ይከድኑታል። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ መነጽር ያደርጋል። ጭሱን የሚመጥ ቱቦ አፍንጫዬ አጠገብ ያጉረመርማል። ሕመም የለም። ግን የራስሽ ቆዳ ሲያር ይሸትሻል፣ የተላጠ በግ ጭንቅላት እሳት ላይ ሲለበለብ ነው ትዝ ያለኝ፣ ይቅርታ። በዚያው ቀን ወጣሁ። እስኪያገግም ግን ግንባሬ ጥሬ ሥጋ ነበር፣ ቫዝሊን ሳይደርቅ ሳይደርቅ እቀባ ነበር። "በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ" እውነት ነው፤ ከተመለሱ በኋላ ያለውን አይነግሩም እንጂ።

ከሌዘሩ በኋላ አንዷ ቦታ መልሳ መጣች። እሷ በቢላ ወጣች። የእኔ ሐኪም ሌዘሩን ከመንካቱ በፊት የእያንዳንዷ ወረቀት እጁ ላይ ነበር። የእናንተው ክሊኒክ ወረቀት ካልጠየቀ እኔ አባቴን አልሰጠውም።

ዓባይ ማዶ፦

በጨዋታችሁ መሃል ይቅርታ፣ ላልተያያዘ ነገር አይደለም። ደጀን ነው ያለሁት። ባለቤቴ ውስጥ እግሯ ላይ፣ ተረከዟ አጠገብ፣ ጥቁር ነጠብጣብ አለባት። ድሮ ማርያም የሳመቻት ነበር የሚመስለን። ዘንድሮ ሰፋ፣ አንድ ጎኑም ተንሻፈፈ። አዲስ አበባ አንድ የውበት ቤት "ማድያት እንደምናጠፋው በሌዘር እናጠፋዋለን" ብሏታል። ፓራፊን፣ ምን ትላለህ?

ፓራፊን፦

ወንድሜ፣ በሞቴ አታስነካት። የአስተማሪዋን አባት ረጋ ብዬ ነበር የመለስኩት፣ ላንተ ግን እጮሃለሁ።

ውስጥ እግር፣ መዳፍና ጥፍር ሥር ጥቁር ሰው ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር የሚወጣበት ቦታ ነው። ፀሐይ አይደርስበትም፣ ግን ይወጣል። ቦብ ማርሌን ታውቀዋለህ። የእሱ የጀመረው ከእግሩ አውራ ጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ታወቀ፣ በ1981 በ36 ዓመቱ አረፈ። ኳስ ሲጫወት የተመታ ነበር የመሰላቸው።

ሁሉም ጥቁር ነጥብ ሜላኖማ አይደለም፣ አትሸበር። አብዛኛው ምንም ነው። ግን የሰፋ፣ የተንሻፈፈ፣ ቀለሙ አንድ ያልሆነ ነጥብ መታየት አለበት። ሜላኖማ ከሆነ የሚወስነው ውፍረቱ ነው። ከላይኛው ቆዳ እስከ ጥልቁ ሴል ድረስ በሚሊሜትር ይለካል፤ አሌክሳንደር ብሬስሎ እ.ኤ.አ. በ1970 ያመጣው ልክ ነው፣ ዛሬም የምንጽፈው እሱን ነው። ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ አይቶ ነው ሐኪሙ ዙሪያውን ምን ያህል እንደሚቆርጥ፣ ዕጢውን ይፈልግ አይፈልግ የሚወስነው። በሌዘር ላዩ ከተላጠ ያቺ ልክ ለዘላለም ጠፋች። ይባስ ብሎ ጥቁሩ ስለሚጠፋ ሁላችሁም ደስ ይላችኋል። ሥሩ ያለውን ማን ይይላችሁ?

ወደ ቆዳ ሐኪም ውሰዳት። ከደጀን አዲስ አበባ ከቀረባችሁ አለርት አለ፣ ቆዳ ሥራቸው ነው። ወደዚህ ከመጣችሁ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ግዮንም አሉ። የውበት ቤቱን ብር ለመንገድ አድርገው።

የቢቸናዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ቡና ተፈልቶ ጽሑፋችሁን ጮክ ብዬ ለአባዬ አነበብኩለት። የፓራፊንን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። "ለቀስተኛው ያየው ቢላውን ነው" የሚለው ላይ ዝም አለ። ከዚያ የሰፈራችንን ሰውዬ ነገር አነሳ። ሐኪም ቤት ሳይሄድ ምን ያህል እንደቆየ ራሱ ቆጠረ። እኔ ምንም አላልኩም።

አሁን ጥያቄው ተለወጠ። "ናሙና የሚሉት ያው ቢላ አይደለም ወይ? እሱስ አይበትነውም?" አለኝ። መልስ አጣሁለት። ደግሞ ማርቆስ ስንሄድ ምን ብዬ ልጠይቅ? እኔ ሐኪም ፊት ስቀርብ አፌ ይተሳሰራል።

ፓራፊን፦

ለአባትሽ፦ ናሙናው ቢላም አይባል። ቦታውን በመርፌ ያደነዝዙታል። ከዚያ 4 ሚሊሜትር ስፋት ባላት ክብ መብሻ ጠርዙን ይወጉና እንደ ምስር ፍሬ ያለች ሥጋ ያወጣሉ። ካንሰሩን የሚበትነው ሳይታወቅ መቀመጡ ነው፣ ናሙናው አይደለም።

አንቺ ደግሞ ይሄን ያዢ። ናሙናው ከጠርዙ ይወሰድ፣ ከጠነከረው ቦታ፣ ከአንድ በላይ ስፍራ። መሃሉ የሞተ ሥጋ ነው፤ ከእሱ ብቻ ወስደው ይልኩልንና "ካንሰር አልታየም" ብለን እንጽፋለን፣ ሰውየው ተደስቶ ይሄዳል። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ሐኪሙ ብሽሽታቸውን በእጁ ይዳስስ፤ ረስቶት ከሆነ "ዕጢ አላበጠም ወይ?" በይው። የእግሩ ራጅ ይነሳ፣ ከሥሩ አጥንት ነውና። የጨረር ሕክምና ካስፈለገ ጥቁር አንበሳ ሊልኳችሁ ይችላሉ፤ ያ ሲደርስ ይታያል።

አሁን የሚያናድደኝን ልንገርሽ። አንድ ቦታ አለ፣ ስሙን አልጠራም፣ ናሙና በጓንት ቋጥሮ ደረቁን በመኪና ረዳት እጅ የሚልክ። ባሕር ዳር ሲደርስ በስብሷል። ሌላው በጉሉኮስ ውሃ ይልካል። እኔ ከእሱ ምን ልላግ? ታካሚው ውጤት ብሎ ይጠብቃል፣ እኛ "ለምርመራ አይሆንም" ብለን እንመልሳለን፣ ሰውየው እንደገና ይወጋል ወይም ተስፋ ቆርጦ ይቀራል። ስለዚህ አትፈሪ፣ "ፎርማሊን ውስጥ ነው የገባው?" ብለሽ ጠይቂ። ዕቃው ላይ የአባትሽ ስም፣ ዕድሜና ቦታው ይጻፍበት፤ "ቀኝ ቅልጥም፣ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ ላይ" የምትለዋ ቃል እንዳትቀር። እሷ ከተጻፈች ሐኪሟ የምትፈልገውን አውቃ ነው የምታየው።

ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን አትጣዪ። ሰሙ እኛ ጋ ይቀመጣል። ሌላ ሐኪም ቤት ድጋሚ ይታይልን ብትሉ ሰሙን ወይ መስታወቱን አስወጥታችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ እንደገና መወጋት የለም።

ማርቆስ ፊዚክስ፦

ማርቆስ ስትደርሱ ማደሪያ አትፈልጉ፣ እኔ ጋ ታድራላችሁ። የውስጥ መልእክት ላኪልኝ። የጤና መድን ካርዱ ዘንድሮ ታድሷል? ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ይዛችሁ ካልመጣችሁ መድኑ አይሠራላችሁም።

የቢቸናዋ፦

ታድሷል። ሪፈሩ ግን ቀኑ ቆይቷል፣ ነገ ጠዋት ሄጄ አጽፈዋለሁ። አባዬ "ጠርዙን ብቻ ከሆነ ይወጉኝ፣ የቀረውን ወረቀቱ ሲመጣ እንነጋገራለን" ብሏል። ክሊኒኩ ደግሞ ዛሬ ደውሎ ቅናሽ አድርገናል አለኝ። የናሙና ውጤት ይዘን ብንመጣ ታዩታላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እሱን ሐኪሙን ጠይቄ እደውላለሁ አለኝ። እስካሁን አልደወለም።